ዘውድና ጎፈር፦ ስለ ድሮና ስለ ውጭ ሳንቲሞች ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ቤቱ የድሮ ወይም የውጭ አገር ሳንቲም ያለው ሰው ጥያቄ ካለው ይጻፍልኝ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። በልጅነታችን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እያልን ሳንቲም ወደ ላይ ያልወረወርን ማን አለ? ግን ያችን ሳንቲም አንስቶ፣ ወደ ብርሃን አስጠግቶ፣ ምን እንደተጻፈባት ያነበበ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ይህን ነገር ከያዝኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስከ ዛሬ አዲስ ሳንቲም እጄ ሲገባ ደስታው አልቀነሰብኝም። ሁሉንም ደብዳቤ ማተም ስላልቻልኩ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

«አያታችን ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ከሳጥናቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠሩ አራት ጠገራ ብሮች አገኘን። ሁሉም ላይ 1780 ይላል። አንዱ ተበስቶ ማንጠልጠያ ተደርጎበታል። አንድ ደላላ ‹ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ናቸው፣ ገዢ አለኝ› እያለ በየቀኑ ይደውላል። ወንድሜ እንሽጥ ይላል። ግራ ገባኝ።» (ከደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ደግሞ የደላላውን ስልክ ለጊዜው አታንሺ።

እጅሽ ላይ ያለው ማርትሬዛ ነው። ፊቱ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት። ባሏ በ1765 እ.ኤ.አ. ስለሞተባት የባልቴት ሻሽ አድርጋለች። በጀርባው በኩል ሁለት ራስ ያለው ንስር ታገኛለሽ። እሷ ራሷ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ሳንቲሙ ግን ከእሷ ጋር አልሞተም። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች፣ የእኛም ሰዎች ጭምር፣ ያንን መልክ ለምደውት ነበር፤ ሌላ መልክ ያለው ብር ሲመጣላቸው አንቀበልም ይላሉ። ስለዚህ የኦስትሪያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዓመቱን ሳይቀይር፣ 1780 እንዳለ፣ ዝም ብሎ መምታቱን ቀጠለ። ዛሬም ቪየና ውስጥ ይመታል፤ አዲሱንም ገዝተሽ ብታይው 1780 ይላል።

ደላላው ያልነገረሽ ይህንን ነው። 1780 የሚለው ቁጥር ብቻውን የሳንቲሙን ዕድሜ አይናገርም። የአያታችሁ ብር በ1840ዎቹ የተመታ ሊሆን ይችላል፣ በ1930ዎቹም ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ (በእኛ 1860 ዓ.ም.) ለመንገዳቸው ቪየና ላይ ማርትሬዛ አስመትተው ይዘው መጥተዋል፤ ለስንቁም ለአጋሰሱም የከፈሉት በዚሁ ብር ነው። ሙሶሊኒ ደግሞ ሊወረን ሲዘጋጅ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መምታት ጀመረ። ከዚያ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ብራስልስም፣ ቦምቤይም መቱት። ይህ ሁሉ ብር በመጨረሻ የሚገናኘው እንደ አያታችሁ ባሉ ሰዎች ሳጥን ውስጥ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ የዘማች ገንዘብና የገበሬ ጥሪት መልኩ አንድ ዓይነት ነው።

የቱ የት እንደተመታ የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ። የንስሩን የጭራ ላባ፣ የፊደሉን አቀማመጥ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያሉ። የድሮ ነጋዴዎቻችንም የጌጡን ዕንቁዎች በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ዘጠኝ ካልሞላ አይቀበሉም። ጠርዙንም እይው፤ ዙሪያውን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ወጥቶበታል። ጽሑፉ ከሌለ ወይም ከተጠረበ ጥያቄ አለው።

አሁን ወደ ዋጋው። ትክክለኛ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ በአንዱ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በ23.4 አባዢው። ለተለመደው ማርትሬዛ መነሻው ይኼ ነው። ደላላው ከዚህ በታች ከጠራልሽ እየዘረፈሽ ነው። በጣም በላይ ከጠራልሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጋልና ተጠንቀቂ። የተበሳው በሰብሳቢ ገበያ ዋጋው ይቀንሳል። ለእኔ ግን ከአራቱ የሚበልጥብኝ እሱ ነው፤ የሆነች ሴት አንገት ላይ ውሏል። ማን እንደነበረች በቤተሰቡ ውስጥ በሕይወት ካሉ ትልልቅ ሰዎች ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ነገ የሚነግርሽ ላይኖር ይችላል።

ወንድምሽ መሸጥ ከፈለገ ድርሻው ነው፣ አትጣሉ። አራት ናቸው፤ ተካፈሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ለአንጥረኛ ለማቅለጥ አትስጡ። ስንት ማርትሬዛ መስቀልና አምባር ሆኖ እንደቀረ ቤቱ ይቁጠረው።

«16 ዓመቴ ነው። ሳንቲም መሰብሰብ እፈልጋለሁ፣ ግን ቤሳ ቤስቲን የለኝም። ያለ ገንዘብ ይቻላል?» (ከሐዋሳ)

ይቻላል። እንዲያውም ያለ ገንዘብ የጀመረ ሰው ዓይኑ ቶሎ ይከፈታል፤ የሚገዛው ስለሌለው ያለውን ደጋግሞ ያያል። በነገራችን ላይ «ቤሳ» ያልካት ራሷ የሳንቲም ስም ነበረች።

ከቤታችሁ ጀምር። መሳቢያ፣ የድሮ ቦርሳ፣ የልብስ ስፌት መኪና ሆድ፣ የአክስትህ የአዝራር ቆርቆሮ። የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞችን ፈልግ፤ አምስት ናቸው፣ በአንድ በኩል ሁሉም የአንበሳ ራስ አላቸው። ባለ 1 ሳንቲሟ አሉሚኒየም ናት፤ እፍ ቢሏት የምትበር ትመስላለች፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለባት። 5 ሳንቲም ላይ ጠመንጃ የያዘ ታጋይ፣ 10 ላይ የደጋ አጋዘን፣ 25 (ስሙኒ) ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት፣ 50 (ሽልንግ) ላይ ሕዝብ። አምስቱን ደርድረህ ስታያቸው ያ ዘመን ራሱን እንዴት ማሳየት እንደፈለገ ይገባሃል። አንበሳው ግን ዘውዱን ጥሎ ቀርቷል።

ከዚያ ማግኔት ፈልግ። ከተበላሸ ስፒከር ማውጣት ትችላለህ። የ1969ኙን ስሙኒና ሽልንግ ስታስጠጋው ማግኔቱ አይስበውም፤ መዳብና ኒኬል ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። መልኩ ያው የሆነ፣ ዓመቱ 1996 ወይም 2000 የሚል ሳንቲም ግን ጥብቅ ብሎ ይያዛል፤ ከውስጥ ብረት ሆኖ ከላይ የተለበጠ ነው። በዓይን አንድ የሚመስሉት በእጅህ ላይ ሁለት ይሆናሉ። ይህንን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ሳንቲም ሁሉ ስፈትሽ አመሸሁ።

ዓመቱን ለማንበብ የግዕዝ ቁጥር ልመድ። ከባድ አይደለም። ፲፱፻፷፱ ሲል ፲፱ ማለት አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ ስድሳ፣ ፱ ዘጠኝ፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ። ፲፱፻፴፮ ካየህ ደግሞ 1936 ነው፣ የጃንሆይ ሳንቲም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1936 መመታት የጀመሩት እነዚህ ሳንቲሞች እንደ ማርትሬዛው ዓመታቸው ሳይቀየር እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያ ድረስ ተመተዋል። ስለዚህ ሁለት ባለ 1936 ሳንቲሞች የአባትና የልጅ ያህል ሊራራቁ ይችላሉ።

ከእነዚህ መሀል አንዷን በተለይ እንድትፈልጋት እፈልጋለሁ፦ የመዳቧን 25 ሳንቲም። መጀመሪያ ስትወጣ ክብ ነበረች። 50 ሳንቲሙ ደግሞ በዚያን ጊዜ እውነተኛ ብር ነበር፣ መጠናቸውም ይቀራረባል። ብልጦች መዳቧን ብር እየቀቡ በ50 ያሳልፏት ጀመር። መንግሥት ምን አደረገ? ዙሪያዋን እንደ አበባ ቅጠል ሸራረፈው፤ ዓይነ ስውርም በጣቱ ዳሶ እንዲለያት ሆነች። የተሸረፈችዋን በቀላሉ ታገኛታለህ። ክቧን ካገኘህ ግን ጻፍልኝ።

ሌላው፣ ደብተር ያዝ። የት እንዳገኘህ፣ ከማን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንዳለባት። ሰብሳቢና ሳንቲም ያለው ሰው የሚለያዩት በዚህ ነው።

«ሻርጃ ነው የምሠራው። የምሠራበት ቤት ሰዎች ከየአገሩ ሲመለሱ የተረፋቸውን ሳንቲም ‹ውሰጂው› ይሉኛል። አንድ ትልቅ የወተት ቆርቆሮ ሞልቶልኛል። ባንክ አልቀበልም አለኝ። ልጣለው ወይስ ዋጋ አለው? ግማሹን ማንበብም አልችልም።» (ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች)

እንዳትጥዪው እህቴ! መንዛሪ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት የወረቀቱን ነው፤ የሳንቲሙ አይመቻቸውም። በገንዘብነቱ እዚያ ባይሠራልሽም በስብስብነቱ ስንቱ ሰው የሚመኘው መነሻ ነው።

የዕረፍት ቀንሽ ላይ አንሶላ ዘርጊና አፍሽው። መጀመሪያ በአገር ለዪ። ማንበብ ያቃተሽን በጽሑፉ ዓይነት ለዪው፤ የዐረብኛው ለብቻ፣ የላቲኑ ለብቻ፣ የሕንዱ ለብቻ፣ የቻይናና የጃፓኑ ለብቻ። ዐረብኛውን በተመለከተ ቁጥሩን ብቻ ካወቅሽ ይበቃሻል። አምስታቸው ክብ ስለሆነች ዜሮ ትመስላለች፤ ዜሯቸው ነጥብ ብቻ ናት፤ ስድስታቸው ደግሞ እኛ የምንጽፈውን 7 ትመስላለች። በተለይ የሳዑዲው ላይ የሂጅራ ዓመት ታገኛለሽ። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ስለሚያጥር ቀጥታ መደመር አይሠራም፤ በ0.97 አባዢና 622 ጨምሪበት። 1400 የሚል ካገኘሽ 1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው።

ከራስሽ ደጅ ያለውን አትናቂ። የኤሚሬቱን አንድ ድርሃም በየቀኑ ትይዥዋለሽ፤ ጀርባዋን ግን አይተሽ ታውቂያለሽ? የቡና ማንቆርቆሪያ ናት፣ ዳላ የሚሏት። ጀበና ጥዶ ላደገ ሰው ይህች ሳንቲም የጎረቤት ሰላምታ ትመስለኛለች። 25 ፊልሱ (ፊልስ የድርሃሙ ሳንቲም ነው) ላይ ሚዳቋ፣ 50ው ላይ የነዳጅ ጉድጓድ ማማዎች አሉ። 50 ፊልሱ ድሮ ክብ ነበር፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሰባት ጎን ሆኗል። ሁለቱንም ካገኘሽ አንድ ላይ አስቀምጪያቸው።

ከቆርቆሮው ውስጥ የተበሱ ሳንቲሞችም አይጠፉም። የጃፓኑ 5 የን ተበስቶ ነው የሚወጣው፣ የሩዝ ዛላ አለበት። የዴንማርክና የኖርዌይም አላቸው። የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ የሚባለው ግዛት፣ የዛሬዎቹ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የሚገኙበት፣ 5 እና 10 ሳንቲሞቹን መሀላቸውን በስቶ ነበር የሚያወጣ። ዩሮ ካለሽ ደግሞ አንዱ ፊት ለሁሉም አገር አንድ ነው፤ ሌላው ፊት የየአገሩ ነው። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት የመሰለሽ አንድ ዩሮ አሥር ዓይነት ሆኖ የሚገኘው።

ሁሉንም ልሰብስብ ካልሽ ቶሎ ይሰለችሻል። አንድ ሐሳብ ምረጪ። የተበሱትን ብቻ፣ ወይ እንስሳ ያለባቸውን ብቻ፣ ወይ እዚህ ቤት ስሠራ ሰዎቹ የሄዱባቸው አገሮች ብለሽ። እኔ ብሆን የመጨረሻውን እመርጥ ነበር። የማንም ስብስብ የማይመስል፣ ያንቺ ብቻ ይሆናል።

«የአባቴን የብር ሽልንግ አገኘሁ፣ ጠቁሯል። በሎሚና በአመድ ባሸው ይጠራል አሉኝ።» (ከጎንደር)

አትሹት! እባክዎ።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ልጅ ሆኜ የአባቴን ባለ 50 ሳንቲም የብር ሽልንግ፣ ያንኑ የ1936ቱን፣ ለበዓል ላስደስተው ብዬ በአመድና በሎሚ ፈተግኩት። አብረቀረቀ። አባቴም ምንም አላለኝ። ግን ሳንቲሙ ያለፈበት ሁሉ፣ ያ ግራጫ ወዙ፣ ፊቱ ላይ የነበረው ስስ መስመር፣ አብሮ ሄደ። ዛሬም አለኝ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፊቱ ሙሉ ጭረት ነው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ብሩ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው ሽፋን ነው፣ ለሥሩም መከለያ ነው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ከተፈተገ ሳንቲም ይልቅ የጠቆረውን ይመርጣል።

ጭቃ ወይም ቅባት ካለበት ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ሳይፈትጉ ያለቅልቁት፣ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት፣ አይሹት። ሲይዙት ፊቱንና ጀርባውን ሳይነኩ በጠርዙ ነው። የጣት ላብ ምልክቱ ከዓመታት በኋላ ይወጣል።

ማስቀመጫው ላይም ብዙ ሰው ይጎዳል። ለስለስ ያለ፣ ሲከፈት ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸት ኪስ ያለው አልበም አለ፤ በውስጡ ፒቪሲ የሚባል ነገር አለበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ ሙጫ ይተፋበታል። ጋዜጣና የጎማ ላስቲክም ብርን ያጠቁራሉ። ማይላር የሚባለው ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ያለበትን የካርቶን መያዣ ካገኙ ጥሩ፤ ካላገኙ በንጹሕ ነጭ ወረቀት በትንሽ በትንሹ ፖስታ ሠርተው ለየብቻ ያድርጓቸው። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት አይጣሏት፤ ሳጥኑ ውስጥ ይክተቷት። ከኩሽናና ከዕጣን ጭስ ያርቋቸው።

«መርካቶ አንድ ሰው የምኒልክ ብር ይዞ 1889 ይላል ብሎ አሳየኝ። ፎርጅድ መሆኑን በምን ልወቅ?» (ከአዲስ አበባ፤ ሦስት ሰው ጠይቋል)

የምኒልክ ብር ውብ ነው። አፄ ምኒልክ ማርትሬዛን በራሳቸው ገንዘብ ለመተካት ብለው ፓሪስ አስመቱት፤ ብሩ፣ ግማሹ አላድ፣ አራተኛው ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን። ሕዝቡ ግን ማርትሬዛውን አልተወም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ። እኔ የምኒልክን ብር የምወደው ለዚህ ጭምር ነው፤ የአድዋው ንጉሥ እንኳ የገበያን ልማድ በአንድ ቀን መቀየር አልቻሉም።

ስለ ፎርጅዱ፦ ሚዛን ሳትይዙ ሳንቲም ልትገዙ አትሂዱ። የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሿ ሚዛን ትበቃለች። የምኒልክ ብርም እንደ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ነው። ከብዙ አገልግሎት ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ 24 ወይም 25 ግራም ከሆነ ግን አመስግናችሁ መልሱለት።

ክብደቱ ልክ ከሆነም አላለቀም። ሚዛኑ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ የብርጭቆውን ግድግዳና ታች ግን እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው 2.75 አካባቢ ከሆነ ብሩ ብር ነው። ከ3 ካለፈ ውስጡ ናስ ወይም ሌላ ብረት ነው። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከዚያ በዓይን። ፊደላቱ ስል ናቸው ወይስ የቀለጠ ቅቤ ይመስላሉ? ላዩ ላይ እንደ አረፋ ያለ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ? ጠርዙን ዙሪያውን የሚከፍል መስመር አለ? እነዚህ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ነገር ምልክቶች ናቸው። አንበሳውንም እዩት፤ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚመለከቱት የቱን የፊት እግሩን እንዳነሳ ነው፤ ግራውን ያነሳም ቀኙን ያነሳም አለ፣ ከዓመቱ ጋር መመሳከር አለበት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ የትክክለኛውን ፎቶ አጥኑ። ቸርችል ጎዳና ባሉት የባህል ዕቃ ሱቆችም እየገባችሁ ሳትገዙ እዩ። አንድ ወር ማየት ብቻ።

«በኢንተርኔት አንድ ሰው ‹ከአክሱም የተቆፈረ የንጉሥ ኢዛና ሳንቲም አለኝ፣ ወደ አሜሪካ እልክልሃለሁ› አለኝ። ታሪካችንን ከጥፋት ማትረፍ መስሎኝ ልገዛ ነው።» (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከቅን ልብ እንደመጣ ይገባኛል። ግን አትግዛ።

ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ፎርጅድ ነው፣ የአክሱም ሳንቲም አስመስሎ መሥራት የቆየ ሥራ ነው። ወይ ደግሞ እውነተኛ ነው፣ ያ ደግሞ ይብሳል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣትንም ከአገር ማስወጣትንም ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንኳ ማሳወቅ አለበት።

ከሕጉም በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከእንዱቢስ አንስቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም መትተዋል። ኢዛና በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቹ ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረው፤ ክርስትናን ሲቀበል በቦታው መስቀል አደረገ። መስቀልን ሳንቲማቸው ላይ ካደረጉ የዓለም ነገሥታት ግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። የአክሱም ሰዎች ሌላም ጥበብ ነበራቸው፤ በብርና በመዳብ ሳንቲም ላይ ቁንጥር የምታክል ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ሲገላበጥ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ብልጭ ይላል። ስለ ብዙዎቹ ነገሥታት የምናውቀው ከሳንቲሞቻቸው ነው። ታዲያ ሳንቲሙ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው የአፈር ድርብርብ፣ ከምን ጋር አብሮ እንደወጣ ካልታወቀ ግማሽ ወሬው ጠፋ። የገዢ ገንዘብ ደግሞ ቀጣዩን ጉድጓድ ያስቆፍራል።

አዲስ አበባ ስትመጣ ብሔራዊ ሙዚየም ግባና እያቸው። ልጆችህንም ይዘህ ግባ።

በዚሁ ላይ ለሁላችሁም፦ የአክሱም ባይሆንም የድሮ የኢትዮጵያ ሳንቲም ይዛችሁ ከአገር ልትወጡ ካላችሁ አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ቦሌ ደርሶ ከሻንጣ ሲወጣ የሚሰማው ሐዘን ቀላል አይደለም።

«የ8 ዓመት ልጄ አሜሪካ ነው የተወለደችው። አብረን የምንሠራው ነገር እፈልጋለሁ። ሳንቲም ይሆናል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

በጣም ይሆናል። በኳርተር፣ በአሜሪካው 25 ሳንቲም፣ ጀምሩ። ከ1999 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለሃምሳዎቹ ግዛቶች ሃምሳ የተለያየ ኳርተር አውጥታለች፤ በዓመት አምስት፣ ወደ ኅብረቱ በገቡበት ቅደም ተከተል፣ ከደላዌር እስከ ሃዋይ። አሁንም ከሱቅ መልስ ላይ ይገኛሉ። ባንክ ሄዳችሁ በ10 ዶላር አንድ ጥቅል ጠይቁ፣ 40 ኳርተር ይሰጧችኋል። እያንዳንዱን ልጅቷ ታገላብጥ፣ የሌላትን ታስቀር፣ የቀረውን መልሳችሁ አስገቡ። ወጪው ካስቀራችሁት አይበልጥም።

ጠርዙን ማየትም አስተምራት። በጎን ሲታይ የመዳብ ቀለም ያለው መስመር አለው። መስመሩ የሌለው፣ ወጥ ነጭ የሆነ፣ ዓመቱ 1964 ወይም ከዚያ በፊት የሆነ ካገኘች 90 በመቶ ብር ነው። ብርቅ ነው፣ ግን አልፎ አልፎ ይወጣል። ያን ቀን ቤታችሁ ጩኸት ይሆናል።

ከአማርኛም ጋር አገናኘው። አያቷ ከአገር ቤት ሲመጡ ባለ 1969 ሳንቲሞች በፖስታ ያምጡላት። ፲፱፻፷፱ን ማንበብ የተማረች ልጅ ግዕዝ ቁጥር ለመደች ማለት ነው።

«ዕድሜዬ 74 ነው። አርባ ዓመት የሰበሰብኩት አለ፤ የ1923ቱ የኒኬል ሳንቲሞችም አሉበት። ልጆቼ ‹ምን ያደርግልሃል› ይሉኛል። ከእኔ በኋላ ለኪሎ ብረት ገዢ እንዳይሰጡት ፈራሁ። ለማን ልተወው?» (ከደሴ)

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እነዚያ የ1923ቱ የንግሥ ጊዜ ሳንቲሞች አሁን ብዙ አይገኙም። ለልጆችዎ አንድ ጨዋታ ያሳዩልኝ፦ ማግኔት ያስጠጉባቸው። ንጹሕ ኒኬል ስለሆኑ ይያዛሉ። ብረት መስሏቸው «ይኸው፣ ተራ ብረት ነው» ይሉዎታል፤ ያኔ ስለ ኒኬል ያስረዷቸው። ሰው የሚገርመውን ነገር አይጥልም።

ልጆችዎ ሰነፎች ወይም ክፉዎች አይመስሉኝም። እጃቸው ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል፣ እነሱ የሚያዩት ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሳንቲም በእጅ ጽሑፍዎ አንድ ትንሽ ወረቀት ያዘጋጁ። ምንነቱን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት የት እንዳገኙት፣ ከማን እንደገዙት፣ ያን ዕለት ምን እንደሆነ። «ይህን ሐይቅ ገበያ ከአንድ እረኛ በሁለት ዳቦ ለወጥኩ» የሚል ወረቀት ያለበትን ሳንቲም ማንም ለኪሎ አይሰጥም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሞክሩት። በቀን ሦስት።

ከልጅ ልጆችዎ ውስጥ ወረቀቱን ሲጽፉ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ አንድ አይጠፋም። ለእሱ ወይ ለእሷ አሁኑኑ፣ በሕይወት እያሉ፣ አንዱን ይስጡ። ዋና ዋናዎቹን ለሕዝብ መተው ከፈለጉ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ማነጋገር ይችላሉ፤ ሲያስረክቡ ግን ዝርዝሩን በጽሑፍ አስፈርመው አንድ ቅጂ ቤት ያስቀሩ።

አንድ ልመና አለኝ፣ ጋሼ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ወረቀቶች ሲጨርሱ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። በሚቀጥለው እትም ይህን ገጽ ለእርስዎ እለቃለሁ።